አቢሶ ያወጣላት ስም

ኤፍራታ ወሬውን የሰማችው በስደት ከተማቸው፣ ቤሪያ ሰፈር ከሚኖሩበት ፎቅ ጀርባ ልብስ ስታሰጣ ነው። የደወለላት አቢሶ ነበር፤ የባሏ የሶፎንያስ የሱቅ ሸሪክ።

"ሌቦች መጡብን። ሶፎንያስ አረፈ" አላት።

በእጇ የያዘችውን እርጥብ ፎጣ ገመዱ ላይ ዘረጋችው። በሁለቱም ጫፍ መቆንጠጫ አደረገች። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች።

እውነቱ የመጣው ከቀብሩ በኋላ፣ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሱቁ ከጀርሚስተን ከተማ ወጣ ብሎ፣ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ድሃ ሰፈር ውስጥ ነበር። የባሏን ልብስ ልትሰበስብ ስትሄድ ፊት ለፊት የሚኖሩ አሮጊት፣ ሰፈሩ ሁሉ በቋንቋው ጎጎ፣ አያቴ የሚላቸው፣ እጇን ይዘው ያዩትን ነገሯት። ሶፎንያስ ከሰዓት በኋላ ዳቦ ሊቀበል ወደ መኪናው ወጣ። ሁለት ሰዎች ሽጉጥ ይዘው መጡ። አቢሶ ከውስጥ የብረቱን በር ዘግቶ ቆለፈ። ሶፎንያስ በሩን እየደበደበ በስሙ ጠራው። አቢሶ አልከፈተም።

ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ይህን ስትናገር፣ ሰው የራሱን ሱቅ መቆለፉ ወንጀል እንዳልሆነ በትሕትና አስረዷት።

አቢሶ ሶፎንያስን ከሆሳዕና ያስመጣው ሰው ነው። ያስመጣ ሰው እንደ አባት ይቆጠራል፤ የመጀመሪያ ልጅ ስትወለድም ስም አውጣልን ይባላል። ሶፎንያስ ልጁን ፍሬገነት ሊላት አስቦ ነበር። አቢሶ ግን የእናቱን ስም ሰጣት፦ በለጥሽ። ሶፎንያስ ተቀበለው፤ ውለታ አለበት። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ እማማ በለጥሽ እሑድ እሑድ ከአገር ቤት እየደወሉ "ሞክሼዬን አቅርቡልኝ" ይላሉ።

ኤፍራታ ደም የሚመልስላት ወንድም የላትም። ስሙ ግን በእጇ ነበር።

ዮቪል ሰፈር ካለው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ጋሽ ዱካሞ ሁለት ሰዎች አስከትለው መጡ፤ አቢሶ ከኋላ ነበር። በአገሩ ደንብ ይቅርታ ለማኝ ድንጋይ ይሸከማል። አቢሶ በመንገዱ ከሚሠራ ሕንፃ ሥር አንድ ብሎኬት አንስቶ፣ ሊፍቱ ከተበላሸ ዓመት ስላለፈው አራት ፎቅ በደረጃ አውጥቶታል። ደንቡ እንዲህ ነው፦ የተበደለው ሰው "አውርድ" እስኪል ድንጋዩ አይወርድም።

ኤፍራታ አውርድ አላለችም። ለሽማግሌዎቹ ሻይ ቀዳች፤ ስኳር አቀረበች፤ የጋሽ ዱካሞን ጉልበት ሕመም ጠየቀች፤ እሳቸውም እንደ ወትሮው ስለ ቅባቱ አወሩላት። የብሎኬቱ ዱቄት የአቢሶን ኮሌታ አነጣው።

በመጨረሻ ጋሽ ዱካሞ "ልጄ፣ ክንዱ ዛለ እኮ" አሉ።

"የሶፎንያስም ዝሎ ነበር፤ በር ሲደበድብ።"

አቢሶ ከብሎኬቱ ሥር "እህቴ፣ ፈርቼ ነው። ብከፍት ሁለታችንም አንተርፍም ነበር" አላት።

"ሊሆን ይችላል። እኔ ምክንያት አልጠየቅሁህም። ያወጣኸውን ስም ውሰድ ነው የምልህ። ለምን እንደተመለሰም ለእናትህ አንተው ንገራቸው።"

"እናቴ ይህን ሰምታ አትድንም።"

"እኔም ሰምቼ ነው የተቀመጥኩት።"

ብሎኬቱን እንደተሸከመ ወረደ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደረጃው ላይ፣ ሴትዮዋ ከድንጋዩ ትከብዳለች ሲል ሰማችው። አልከፋትም።

በማግስቱ ጎረቤቷን ሰአዳን ይዛ ልደት ወደሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት ሄደች። ሰአዳ ብርድ ልብስ ነጋዴ ናት፤ እንግሊዝኛው ይቀናታል። የልጅ ስም ለማስቀየር ፎርም፣ የልደት ወረቀትና የአባት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አባት ከሌለ የሞት ምስክር ወረቀት። ከዚያም ምክንያቱ ተጽፎ ፖሊስ ጣቢያ በመሐላ ይፈረማል። ሰአዳ፣ አባቷ የመረጠላት ስም ነው ብዬ ልጻፍና እንገላገል አለቻት። ይህ ብቻውን ይበቃ ነበር።

"ሁሉንም ጻፊው" አለች ኤፍራታ። "በሩን ማን እንደቆለፈ፣ ከውጭ ማን እንደጠራው። የአቢሶን ስም ከነአያቱ አስገቢ።"

"ሰውየውን ልትቀብሪው ነው እንዴ?"

"እኔ አንድ ቀብሬአለሁ። እሱ ገና በቁሙ ነው።"

ገጽ ተኩል ሆነ። ፖሊሱ አንብቦ ቀና ብሎ አያት፤ አስማላት፤ ማኅተሙን መታ። ስለዚያ በር ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይህ የመጀመሪያው ነበር። ኤፍራታ ሦስት ኮፒ አስነሳች። አንዱን ከፎርሙ ጋር አስገባች። አንዱን ለጋሽ ዱካሞ ሰጠች። ሦስተኛውን ይዛ ሎኬሽኑ ድረስ ሄደች፤ ደንበኛ እንደሚያደርገው በሽቦው መስኮት አሾልካ ለአቢሶ በእጁ ሰጠችው። እንግሊዝኛውን በጣቱ እየተከተለ እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀችው።

አቢሶ ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ተወ። ከስቷል አሉ። ኤፍራታ ሰማች፤ አላዘነችም። ጋሽ ዱካሞ፣ ልጄ ይብቃሽ ብለው ሁለት ጊዜ መጥተው ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ሻይ ጠጥተው ተመለሱ።

አዲሱ የልደት ወረቀት በክረምቱ መጨረሻ ወጣ። ፍሬገነት ሶፎንያስ ይላል።

እማማ በለጥሽ አሁንም እሑድ እሑድ ይደውላሉ። ኤፍራታ ስልኩን ለልጅቷ ታቀብላለች እንጂ ምንም አትላቸውም፤ መናገር ያለበት አቢሶ ነው። አቢሶ እስካሁን አልነገራቸውም።