ብዕር ያልነካቸው ገጾች

አሥራ ሁለቱን መጻሕፍት ለእናቴ ማኅበርተኞች ባደልኩ ዕለት ሳላስረዳ የተውኩት ነገር አለ ብዬ አልጠረጠርኩም። ብቸና ላይ አማርኛ አስተምራለሁ፤ ማስረዳት ከጀመርኩ ማቆሚያው ይጠፋኛል።

መጽሐፉ የሙከራ እትም ነበር። አዲስ አበባ ያለ አንድ አነስተኛ የመንፈሳዊ መጻሕፍት አሳታሚ፣ ማንበብን በጉልምስና ለተማሩ ሰዎች የወንጌል ታሪኮችን በትልልቅ ፊደል ያዘጋጃል። ከየታሪኩ ሥር ያለውን ማብራሪያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሠራራቸውን እወደዋለሁ። ዋናው ኅትመት ሳይጀመር ጥቂት ቅጂ ያወጣሉ፤ በየገጹ ዳር ሰፊ ቦታ፣ ከመጽሐፉ ኋላ ደግሞ ባዶ ገጾች ይተዋሉ። አንባቢው ያልገባውን እዚያው ጽፎ ይመልሳል፣ እነሱም ያንን አይተው ያርማሉ። መጽሐፉ ምንም ሳይጻፍበት ከተመለሰ አንባቢ አላገኘም ብለው ቀጣዩን ክፍል ይተዉታል። እኔ ደግሞ የሁለተኛውን ክፍል ማብራሪያ ከግማሽ በላይ ጽፌ ነበር።

የሙከራውን ቅጂ ወደ ተወለድኩባት ወደ ሞጣ ወሰድኩት። እናቴ በየወሩ በሃያ አንድ የእመቤታችንን ጽዋ ትጠጣለች። ማኅበርተኞቹ አሥራ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ጽዋው በየወሩ ከአንዷ ቤት ወደ ሌላዋ ቤት ይሄዳል። አብዛኞቹ ፊደል የቆጠሩት በቅርቡ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ለየእጃቸው አንድ መጽሐፍና አንድ እስክርቢቶ ሰጠሁ፤ የት እንደሚጻፍ፣ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ለምን እንደሚጻፍ አስረዳሁ። መጽሐፉን ሳሙት፣ ግንባራቸውን አስነኩት፣ እልል አሉ።

ከሁለት ወር በኋላ አርታኢው ደወለ።

"መምህርት፣ የሞጣውስ?"

"እያነበቡ ነው።"

"የሌላው አካባቢ ገብቷል። እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቅሻለሁ።"

ቀጣዩ ሃያ አንድ ቅዳሜ ዋለልኝ። በጠዋት ከብቸና ተሳፈርኩ፤ ደብረ ወርቅ ላይ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስንቆም መልሶቹን የምመዘግብበትን ሰንጠረዥ በደብተሬ ላይ አሰመርኩ።

ተረኛዋ የማኅበሩ አንጋፋ እማሆይ ነበሩ። ሴቶቹ ተሰብስበው ጸሎቱ ደርሶ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ "መጻሕፍቱን ይዛችኋል?" አልኩ። ሁሉም ከጉያቸው አወጡ። አሥራ ሁለቱም በአንድ ዓይነት አረንጓዴ ጨርቅ ተጠቅልለዋል። የእናቴ ጎረቤት የሆኑት ሙስሊም የጨርቅ ነጋዴ፣ መጽሐፍ ሊጠቀለልበት ነው ሲባሉ እኩል እኩል ቀደው ሰጥተዋቸው ኖሯል።

የመጀመሪያውን ፈታሁ። ያደልኩ ዕለት እንደነበረው ነው። የኋላዎቹ ገጾች ነጭ ናቸው። ሁለተኛውን ፈታሁ፣ አምስተኛውን ፈታሁ። እስክርቢቶው ሳይቀር ከነክዳኑ አብሮ ተጠቅልሏል።

"አላነበባችሁትም ማለት ነው?" አልኩ። ድምፄ ክፍል ውስጥ የቤት ሥራ ያልሠራ ተማሪ ሳገኝ እንደሚሆነው ሆነ።

"ማን አለሽ?" አሉ እማሆይ።

"ገጹ ባዶ ነዋ፣ እማሆይ።"

"ታዲያ የጌታ ስም ያለበት መጽሐፍ ላይ ልሞነጫጭር?"

"ጻፉበት ብዬ ነግሬያችሁ ነበር እኮ…"

"ነግረሻል። ልጅ ናት፣ አታውቅም ብለን ዝም አልን።"

ሳቁ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ "እኔንማ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ነው ያልኩት" አለች።

ሁሉን ያስረዳሁ እኔ፣ እዚህ ቤት ቅዱስ መጽሐፍ ይሳማል፣ ይጠቀለላል እንጂ እንደ ደብተር አይጻፍበትም የሚለውን ረስቼ ነበር። አድጌበት ረሳሁት። ለአርታኢው ምን እንደምለው ሳስብ፣ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማትበልጠው ሴት ጠራችኝ።

"ይልቅ ከመጣሽ አይቀር፣ መምህርት። ያቺ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ጌታን ያገኘችው ሴትዮ፣ እንስራዋን ትታ ወደ ከተማ ሮጠች ይላል። እንስራውን ማን አስገባላት?"

"እንስራው እኮ የቀድሞ ሕይወቷ ምሳሌ ነው። እሷ ያንን ትታ…"

"እሱን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ታሪኩ ገብቶኛል፤ ያስቸገረኝ ያንቺ ማብራሪያ ነው።"

አንዷ እየሳቀች ጠላዋን ቀሚሷ ላይ አፈሰሰች።

"እውነቴን እኮ ነው። ቤት ውስጥ የተጠማ ይኖራል። እንስራ ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው ዝም ብሎ አያልፈውም" አለች ሽንኩርት ሻጯ።

"ከተማው በሙሉ ጌታን ሊያይ ወጥቶ የለም?" አሉ እማሆይ። "ሲመለሱ አንዷ ይዛላት ትገባለች።"

"እሷን? ሰው አግልሏት ብቻዋን ስትቀዳ የኖረችውን?"

"ያን ቀንማ የጠራቻቸው እሷ ናት። በምን ዓይናቸው እንስራዋን ጥለው ያልፋሉ?"

ያንን ታሪክ ለማብራራት ሁለት ሳምንት ለፍቻለሁ፤ የእንስራው ወደ ቤት መመለስ አንድ ቀን አልታየኝም።

ሰንጠረዡን ገልብጬ በንጹሕ ገጽ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ጥያቄው ይጎርፍ ጀመር። መጽሐፉን ሳይገልጡ ከየትኛው ታሪክ፣ ከየትኛው ገጽ እንደሆነ ይነግሩኛል፤ አንዷ ስትሳሳት ሌላዋ ታርማለች። ጀንበር ስታዘቀዝቅ የደብተሩ ግማሽ ሞልቶ ነበር።

በማግሥቱ በንጹሕ ወረቀት ስገለብጠው በቁጥር አስቀመጥኩት። ስለ ማብራሪያዬ የተባለውን መተው አማረኝ። ለሁለተኛው ክፍል ሌላ ጸሐፊ ቢፈልጉስ? ብዙ ካመነታሁ በኋላ ቁጥር አንድ አድርጌ ጻፍኩትና ገጾቹን በስልኬ አንስቼ በቴሌግራም ላክሁ።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት አርታኢው ደወለ።

"ቁጥር አንድን ያለችው ማን ናት?"

"ሽንኩርት ነጋዴ ናት።"

"እግዚአብሔር ይስጣት። ሁለተኛው ክፍል ይታተማል። ያንቺን ማብራሪያ ግን በግማሽ ቀንሺው። እማሆይ ስለ እንስራው ያሉትን ደግሞ በመጀመሪያው ክፍል ላይ ጨምሪበት።"

መቀነሱ ከመጻፉ ይልቅ አደከመኝ። ቢሆንም ቀነስኩ።

የሁለተኛው ክፍል የሙከራ ቅጂ ሲደርሰኝ ባዶ ገጽ አልነበረውም። በምትኩ ከእያንዳንዱ ጋር አንድ ስስ ደብተር ተልኳል። ሞጣ ይዤው ስገባ ሌሎች አረንጓዴ ጨርቆች ተቀደው ይጠብቃሉ። ሽንኩርት ሻጯ መጽሐፉን ስማ ጠቀለለችና ደብተሩን አገላብጣ አየችው።

"ይሄስ ይጠቀለላል?"

"እሱማ ይጻፍበታል።"

ያን የፊተኛውን እስክርቢቶ ከመቀነቷ ፈትታ አወጣች፤ ክዳኑን በጥርሷ ነቅላ ጉልበቷ ላይ መጻፍ ጀመረች።

"ገና ሳታነቢው?" አልኳት።

"ቆይ እንጂ፣ መጀመሪያ ስሜን ልጻፍ።"