ሁለቴ የተቆፈረችው ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄን ሜሮንን ሲያትል መሀል ከተማ ኤግዚቢሽን ላሳያት ወሰድኳት። የግብፅ ሬሳ ያለበት መስታወት ጋ ስንደርስ አፍንጫዋን ያዘችና «ኢው! አባባ፣ ግሮስ ነው!» አለች፤ ያስጠላል ማለቷ ነው። እኔንም አቅለሸለሸኝ፤ የእኔ ግን ከሬሳው አልነበረም።

በሃያ ሁለት ዓመቴ ካይሮ ተቀምጬ የአሜሪካ ቪዛ ስጠብቅ፣ በረሃ ውስጥ ያለ የጥንት መቃብር ሸለቆ የሚያጠና ቡድን ቀጠረኝ። አሥር አሥር እርምጃ ተራርቀን፣ ዓይናችንን መሬት ላይ ተክለን በሰልፍ እንሄዳለን፤ ገል ወይም የድንጋይ ክምር ያየ ትንሽ ባንዲራ ይተክላል። ጊዜው ሁዳዴ ስለነበር ፉሌን ቋጥሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ አሸዋው ብቻ ጥርሴ መሀል ይንቀጫቀጫል። መቃብሮቹን ሌቦች ድሮ መዝብረዋቸው እጅና እግር ከነመግነዙ እንደ ቆሻሻ ተበትኗል። እኛም ረግጠነው እናልፋለን።

አንድ ቀን የቡድናችን መሪ የነበረው ፕሮፌሰር ሰርዲን እየበላ ካርታው በነፋስ እንዳይበርበት ምን ጭኖበት ባይ ጥሩ ነው? የደረቀ የልጅ ጭንቅላት! ሹሩባዋ እንኳ አልተፈታም። በዚያው ዘይት በነካ እጁ ያንሸራትታታል።

«ይቺ እኮ ሰው ናት» አልኩት።

«ከቦታዋ የወጣች ናት፤ ለጥናት አትረባም» ብሎ ሣቀ።

እሱ ጋደም ሲል ወስጄ ከአንድ ጉብታ ጀርባ ቀበርኳት። ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙሬ፣ አባታችን ሆይ ደግሜ፣ ቀበሮ እንዳያወጣት እንዳገራችን ወግ ድንጋይ ከመርኩባት። ልቤ ቅቤ ጠጣ። እሱም ስትጠፋ ካርታው ላይ ድንጋይ ጫነ እንጂ የት ገባች አላለም።

በሦስተኛው ቀን ሰልፋችን በዚያው በኩል አለፈ። አጠገቤ የነበረው ሠራተኛ ክምሬን አይቶ ባንዲራውን ተከለ። ከቀበሮ ያዳንኳት መስሎኝ ለእነሱ ምልክት አቁሜላቸው ኖሯል! ፕሮፌሰሩ ተንበርክኮ በብሩሽ ጠረጋትና «ራስ ብቻ፣ ፊቷ ወደ ምሥራቅ! እንዲህ ያለ የቀብር ሥርዓት አይቼ አላውቅም!» ብሎ ጮኸ። ምሳ ሲበላ የዳሰሳትን ልጅ አላወቃትም።

«የቀበርኳት እኔ ነኝ፣ ተዋት» ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ለቪዛዬ የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፍልኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ግንባሯ ላይ በጥቁር ቀለም ቁጥር ጽፈው በካርቶን ወሰዷት። ደብዳቤዬንም አገኘሁ። ያን ቀን የተጸየፍኩት ፕሮፌሰሩን አልነበረም።

«አባባ፣ ሶ ይቺን ሲያወጧት ማንም ስቶፕ አላደረጋቸውም?» አለች ሜሮን፣ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ።

«የዚህችን አላውቅም። የአንዲቷን ልጅ ግን ማስቆም የሚችል ሰው ነበር። ቪዛ ፈልጎ ዝም አለ።»

«ዛት ኢዝ ግሮስ» አለች። አሁን አፍንጫዋን አልያዘችም።

ሰውየው ማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳት።