ስም ያላገኘው ሰባተኛው ጉድጓድ

መምህር ዘውዴ በዕድሜያቸው ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ በሐሰት የመሰከሩ ሰው ናቸው። ጾም አይሽሩም፤ ለድኻ እጃቸው አይታጠፍም፤ ተማሪንም ያለ ጥፋቱ ቀጥተው አያውቁም። ቂም መያዝ ግን ያውቁ ነበር፤ ያቺ አንዲት ሐሰትም ከቂማቸው ተወለደች።

ከሸዋ ወደ ሐረር የተመደቡት በጎልማሳነታቸው፣ በስፖርት መምህርነት ነው። ያን ጊዜ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ድሬ ጠያራ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ መኮንኖች ያስጀመሩት አነስተኛ የጎልፍ ሜዳ ነበር። ሣሩ ክረምት ካለፈ ስለማይበረክት በየጉድጓዱ ዙሪያ በተቃጠለ የመኪና ዘይት የታሸ አሸዋ ይነጠፍ ነበር። ተጫዋቾቹ ጉድጓዶቹን የሚጠሩት በደረሰባቸው ነገር ነው። ሁለተኛው «የገላነሽ እንስራ» ይባላል፤ የመቶ አለቃ ሚልኪያስ ኳስ ገላነሽ የምትባል ውኃ ቀድታ የምትመለስ ሴት እንስራ ሰብሮበታልና። አምስተኛው «የጅቡ» ነው፤ ጅብ የጉድጓዱን ምልክት ባንዲራ ከነእንጨቱ ነቅሎ ወስዶበታል። ኳሷን በአንድ ምት ያስገባ ሰው ግን ጉድጓዱ በገዛ ስሙ ይጠራለታል። ለዚህም አብሮት የተጫወተው ሰው በተጫዋቾቹ ማኅበር ፊት ቆሞ «ስትገባ አይቻለሁ» ማለት ነበረበት።

የመምህር ዘውዴ የዘወትር ጓደኛ ዩሱፍ ነበሩ፤ በሐረር አቅራቢያ የሶፊ ተወላጅ፣ የጫት ነጋዴ፣ ቤታቸው ከሐረር ግንብ በሮች አንዱ በሆነው በፈላና በር አጠገብ። አንዱ ያለ ሌላው ሜዳ አይወርዱም ነበር። ዩሱፍ የሶላታቸው ሰዓት ሲደርስ መምህር ዘውዴ ዱላቸውን መሬት ላይ አስተኝተው ይጠብቃሉ፤ የሁለቱ ወግ ይህ ነበር።

አንድ ቀን ከሸለቆው ማዶ ወዳለው ሰባተኛው ጉድጓድ ሊመቱ ሲዘጋጁ የከሰዓት በኋላው የዓስር ሶላት አዛን ተሰማ። ዩሱፍ ትከሻቸው ላይ የነበረውን ሽርጥ አንጥፈው ለሶላት ቆሙ። ደመናው ከበደ፤ ነፋሱም ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። መምህር ዘውዴ ጓደኛቸውን መጠበቅ አቃታቸውና መቱ። ኳሷ ሸለቆውን ተሻግራ አሸዋው ላይ አረፈች፤ ተንከባለለች፤ ከዓይናቸውም ተሰወረች።

ማምሻውን ማኅበሩ በሜዳው ዳር ባለው ዋርካ ሥር ሲሰበሰብ ሚልኪያስ ጠየቁ። «ዩሱፍ፣ አይተሃል?»

«ኳሷን ጉድጓድ ውስጥ አገኘናት። ስትገባ ግን አላየሁም።»

«ታዲያ ዘውዴ ዋሸ ነው የምትለን?»

«አስተግፊሩላህ። ዘውዴ አይዋሽም። እኔ ግን ያላየሁትን አልመሰክርም።»

«በሶላትህ መካከል አንዷን ዓይንህን ገለጥ ብታደርጋት ምን ነበረበት?»

«አንተ በቅዳሴ የምትገልጣት ለሁላችንም ትበቃለች፣ ሚልኪያስ።»

ሁሉም ሳቁ፤ መምህር ዘውዴ ግን አልሳቁም። ሰባተኛው ጉድጓድ ያለ ስም ቀረ። እሳቸውም ከሌላ ሰው ጋር መጫወት ጀመሩ።

ዓመታት አለፉ። ዩሱፍ ከጎረቤታቸው ጋር በግቢ ወሰን ተካሰሱና ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሄደ። የዩሱፍ የግቢ አጥር መሠረት ሲጣል የወሰኑን ገመድ አንዱን ጫፍ የያዙት መምህር ዘውዴ ነበሩ፤ ሌላ የዓይን ምስክርም አልነበረም። ሽማግሌዎቹ በአጥሩ ሥር ተቀምጠው ገመዱ የት እንደተዘረጋ አይተው እንደሆነ ጠየቋቸው።

መምህር ዘውዴ አጥሩን እያዩ፣ «አላየሁም» አሉ።

ዩሱፍም፣ «መምህር፣ እርስዎም ሶላት ላይ ነበሩ?» አሏቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንተ ብለው አልጠሯቸውም። የግቢያቸውን እኩሌታ፣ ልጆቻቸው በጥላው ካደጉበት የሮማን ዛፍ ጋር አጡ።

ዘንድሮ የጎልፍ ሜዳው ለቤት መሥሪያ ተሸነሸነ። መምህር ዘውዴ ዶዘሩ ሰባተኛውን ጉድጓድ ሲደፍነው ቆመው አዩና ቤታቸው ገብተው ምሳ እንቢ አሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ብዙነሽ ሳህኑን አንስተው፣ «የምታዝነው ለጉድጓዱ ነው ወይስ ለሰውየው?» አሏቸው። «ዩሱፍ ታሞ ተኝቷል ይባላል።»

በማግስቱ መምህር ዘውዴ ፈላና በር ሄዱ። በሩን የከፈተችላቸው የዩሱፍ ልጅ ሳፊያ ነበረች። ዩሱፍ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ ሰውነታቸው አልቆ ተኝተዋል።

«ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ አይቻለሁ» አሉ መምህር ዘውዴ።

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ። ለእኔ መንገርዎ ምን ያደርግልኛል? በካዱበት ቦታ፣ ሰው በተሰበሰበበት ይናገሩት።»

«ዓርብ፣ ሰው ከመስጊድ ሲወጣ እናገራለሁ።»

«ኢንሻአላህ። ሳፊያ ወስዳ አጥሩ ሥር ታስቀምጠኛለች፤ በጆሮዬ ልስማው።»

ሳፊያ እስከ በር ሸኘቻቸው። «ጋሽ ዘውዴ፣ አባቴ እኮ ቤት ውስጥ ሰባተኛውን ጉድጓድ ሁሌም ‹የዘውዴ› ነው የሚለው።»

«ታዲያ ያን ቀን ምነው ጨከነብኝ?»

«ማመኑንማ አምኖዎታል። አላየም እንጂ።»

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ዩሱፍ ዐረፉ፤ በዚያው ቀንም ተቀበሩ።

ዓርብ መምህር ዘውዴ ቆባቸውን አውልቀው አጥሩ ሥር ቆሙ። ከሽማግሌዎቹ በሕይወት ያለ አልነበረም፤ ጎረቤትየውም ቦታውን ሸጦ ከሄደ ቆይቷል። የሮማኑ ቅርንጫፍ በአጥሩ ላይ ወደ ውጭ ዘንበል ብሏል። ሰዉ ከመስጊድ ሲወጣ መምህር ዘውዴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ይህ ቦታ የዩሱፍ ነው። ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ አይቼ ሳለ አላየሁም አልኩ» አሉ።

አንድ ጎልማሳ ቆም ብሎ፣ «የትኛው ዩሱፍ?» አለና መልሱን ሳይጠብቅ አለፈ። በአጥሩ ጥግ ሽንኩርት የምትቸረችር አንዲት ሴት በርጩማዋን ገፋ አደረገችላቸው። «ፀሐዩ ከባድ ነው፣ አባባ፤ አረፍ ይበሉ።»

አልተቀመጡም። ሰዉ አልፎ እስኪያልቅ ድረስ ያንኑ ቃል ይደጋግሙ ነበር፤ ሳፊያም በራፏ ላይ ቆማ ሰማቻቸው።

እግዚአብሔር የመምህር ዘውዴን ቃል ከነመዘግየቱ ይቀበልላቸው፤ ለወይዘሮ ብዙነሽና ለቤታቸው ሰላሙን ያብዛ፤ የዩሱፍንም ቤት ያጽናና። አሜን።