የወንድሜ ድመት የመጨረሻ ቀናት

ድመቷን ወደ ቤታችን ያመጣት ታላቅ ወንድሜ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ከቀሐ ወንዝ ዳር አንስቶ በሹራቡ ጠቅልሎ ይዟት ገባ። እናቴ «ይህችን ቆሻሻ አውጣልኝ!» ብላ ጮኸችበት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወንድሜን ከቤት ወስደው ገደሉት። ልቅሶ መቀመጥ ተከለከልን፤ እናቴ ጥቁር ለመልበስ እንኳ ፈራች። አባቴ ቀደም ብሎ ሞቶ ስለነበር ቤቱ ውስጥ የቀረነው እናቴ፣ እኔና ድመቷ ነበርን።

ድመቷ ስታረጅ እኔ አስተማሪ ሆኜ ነበር። መጀመሪያ ጥርሶቿ ረገፉ፤ ቀጥሎ ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ሸፈናቸው። ውሃ ጠጥታ አትረካም፤ የጠጣችውንም በተኛችበት ትለቀዋለች። እናቴ ሳንባ ቀቅላ በጣቶቿ እያደቀቀች ታጎርሳታለች፣ አሮጌ ነጠላ ቀድዳ ታነጥፍላታለች፣ ጠዋት ጠዋት አቅፋ ፀሐይ ላይ ታወጣታለች። ሽታው ልብሴ ላይ ስለሚቀር መምህራን ማረፊያ ክፍል ስገባ እሳቀቅ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ለምናኝ ወደ እንስሳት ሐኪም ሄድኩ። ሰውየው ከወረቀቱ ቀና ብሎ አየኝና፣

«በሬ ነው ላም?» አለኝ።

«ድመት ናት።»

«እኅቴ፣ እኛ የምናክመው ለምርት የሚጠቅመውን ነው» አለና ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ለእናቴ ግን መድኃኒት የለም አሉኝ አልኳት።

በዚያው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ትክል ድንጋይ ከተማ ያለችው አክስቴ ታመመች። እናቴ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥታ ለሦስት ቀን ለመሄድ ተነሣች። በር ላይ ቆማ እንደ ሕፃን ልጅ ታስጠነቅቀኝ ጀመር።

«ውሃዋን ራሷ አታገኘውም። አፍንጫዋን ነከር አድርጊላት፤ ያን ጊዜ ትጠጣለች። ብቻዋን ብዙ እንዳትተዪያት፤ ትደነግጣለች።»

«እሺ እማዬ፣ ሂጂ በቃ፤ ማኪናው ያመልጥሻል።»

የመጀመሪያውን ቀን እንዳለችኝ አደረግሁ። በሁለተኛው ቀን የአብዮት በዓል የሰልፍ ልምምድ አለ ተብሎ መምህራን ሁሉ ተጠራን። ጠዋት ስወጣ ድመቷ ከአልጋው ሥር አልወጣችም ነበር። ተኝታለች አልኩ። ውሃዋን መሬት ላይ አስቀምጬ በሩን ቆለፍኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ የሁለት ሰዓት ዕረፍት ሰጡን። ከሜዳው እስከ ቤታችን ግማሽ ሰዓት አያስኬድም፤ እኔ ግን አልሄድኩም። ለሰው ስናገር የቀረውን ሰው ስም ይመዘግቡ ስለነበር ፈርቼ ነው እላለሁ። እውነቱ ግን ማንም አልከለከለኝም። ያን የሽንት ሽታ፣ ያን ጨርቅ መጭመቅ ሰልችቶኝ ነበር። ከጓደኞቼ ጋር ጥላ ሥር ተቀምጬ ዳቦ በሻይ በላሁ፤ ደስም ብሎኝ ነበር።

አመሻሽ ላይ በሩን ስከፍት አንድ ነገር ከለከለኝ። ገፋ አድርጌ ገባሁ። በሩ ሥር ሞታ ነበር። ውሃው እንዳለ ነው፣ ጠብታ አልጎደለም። ውሃ ፍለጋ ከአልጋው ሥር ወጥታ በተቃራኒው አቅጣጫ ሄዳለች። የፊት እግሮቿ ጥፍሮች ውስጥ የበሩ እንጨት ስንጣሪ ተሰክቶ ነበር። ከጓሮ ቀበርኳትና ቤቱን ሁለት ጊዜ አጠብኩት።

እናቴ ስትመለስ፣ «እጄ ላይ ነው የሞተችው፤ ምንም አልተሠቃየችም» አልኳት።

«ውሃ ጠጥታ ነበር?»

«አዎ፣ ጠጥታለች።»

የድመቷን ነጠላ አጣጥፋ አስቀመጠች እንጂ አላለቀሰችም። አንድ ሳምንት ያህል ቆይታ፣ ምስር እየለቀመች ሳለ፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

«ጎረቤታችን ቀኑን ሙሉ ስትጮህ ሰማኋት አለችኝ።»

ከምስሩ ጠጠር ለቅማ ጣለችና ቀጠለች።

«ወንድምሽንም አልተሠቃየም፣ በአንድ ጥይት ነው ብለሽኝ ነበር። እኔ ሞኝ፣ ያን ቃልሽን ይዤ ነበር እስከ ዛሬ የምተኛው።»

ከወንድሜ ጋር ታስሮ የተፈታ ሰው የነገረኝ ሌላ ነበር። ስንት ቀን እንደቆየ፣ እግሩ ምን እንደሆነ፣ ማንን እንደተጣራ ነግሮኛል። ያን ቀን ለእናቴ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ እሷ ግን የምስሩን ሰፌድ ይዛ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ኖርን። ታማ ስትተኛ ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ውሃ ባቀረብኩላት ቁጥር ትጠጣለች፣ ታመሰግነኛለች፤ የነገርኳትን ግን ሁሌ ሌላ ሰው ትጠይቅ ነበር። ሐኪሙ እንዲህ አለ ስላት፣ እኔ ከክፍሉ እስክወጣ ጠብቃ ነርሷን መልሳ ትጠይቃለች።