የነዋሪነት ማስረጃና የእትዬ ሙሉነሽ ቅቤ

ሆሳዕና ማዘጋጃ ቤት በጸሐፊነት የተቀጠርኩ ዕለት አለቃዬ አቶ ሺበሺ ወንበር ከመስጠታቸው በፊት ዱላ ሰጡኝ። «ለውሻ ነው» አሉኝ። እኔ ከዶዮገና የመጣሁት ክራባት ተውሼ፣ ብዕር ደረት ኪሴ ላይ ሰክቼ ነበር። የሥራዬ ግማሽ የነዋሪነት ማስረጃ መጻፍ፣ ሌላው ግማሽ አመልካቹ «እኖርበታለሁ» ያለውን ቤት በእግር ሄዶ ማየት መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነበር። አመልካቹ ሦስት ጎረቤቶቹን ይዞ ይቀርባል፤ ቃላቸውን እጽፋለሁ። ከዚያ ቤቱን አይቼ ስመለስ አቶ ሺበሺ ማኅተሙን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ሁለቴ እፍ ብለውበት ይመቱታል። የመንዝ ሰው ናቸው፤ ሲስቁ እንኳ የሚንቀሳቀሰው ጺማቸው ብቻ ነው።

«ተጠንቀቅ» አሉኝ በዚያው ዕለት። «እዚህ አገር ምስክር ያጣ ሰው የለም። ሰዉ ደግ ነው። ደግ ሰው ደግሞ እውነቱን ሲነግርህም ትንሽ ይመርቅልሃል።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። የገባኝ በአስቴር ጉዳይ ነው።

የከተማችን የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአካባቢውን ልጅ በነፃ ያስተምራል፤ ከሌላ ጠቅላይ ግዛት የመጣን ግን ያስከፍላል። ከዘመድ ጋር አንድ ዓመት የኖረ ተማሪ እንደ አገሩ ልጅ ይቆጠራል። አስቴር የወላይታ ልጅ ናት፤ ወላይታ ያን ጊዜ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ነበር። ስምንተኛ ክፍልን አልፋ ሳለ አክስቷ ወይዘሮ ዘነበች ሆሳዕና ላይ ወለዱና፣ አራስ ልታርስ መጥታ በዚያው ቀረች። አባቷ ከእርሻው ሌላ ገቢ የለውም። ማስረጃውን ካላገኘች ትምህርቷ ስምንተኛ ላይ ያበቃል፤ ምዝገባው ደግሞ ከመስቀል በኋላ በነበረው አርብ ይዘጋ ነበር።

ሐሙስ ጧት ወይዘሮ ዘነበች ሦስት ምስክር ሲባሉ ሰፈሩን አንቀሳቅሰው መጡ። ቢሮው ሞልቶ የተረፈው በረንዳ ላይ ቆመ።

«ይህችን ልጅ ያውቋታል?» አልኩ የመጀመሪያዋን ሴት።

«አስቴርን? እዚሁ ያደገች አይደለችም እንዴ!»

ሁለተኛዋ ላለመበለጥ «ጡት ስትጠባ አውቃታለሁ» አሉ። ሦስተኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እትብቷ የተቀበረው እኔ ጓሮ ነው» አሉ።

አቶ ሺበሺ የስምንተኛ ክፍል ማስረጃዋን አነሡ። «ታዲያ ይህን ከወላይታ እንዴት አመጣችው? ከዚህ እየተመላለሰች ነው የተማረችው?»

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። «ብርቱ እግር አላት፣ ጌታዬ።»

በረንዳው ሳቀ። አስቴር ግን አልሳቀችም። «እኔ የመጣሁት አምና ነው። ዓመት ሞልቶኛል፤ ለምን ይዋሻል?» ብላ አለቀሰች። አክስቷ በነጠላቸው ሥር ቆነጠጧት።

አቶ ሺበሺ ወረቀቱን አስቀመጡ። «ዓመት ቢሉኝ ይበቃኝ ነበር። አሁን ከዚህ ሁሉ ውስጥ የትኛውን ልመን?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ሂድ። ለልጅቷ ምንም በጎ ነገር የማይመኝ ሰው ፈልገህ ጠይቅ።»

ዱላዬን ይዤ ሰፈሩን ዞርኩ። በየቤቱ ቂጣውና አይቡ እየቀረበልኝ አስቴር በየደጁ እንደገና ተወለደች። አንዲት እናት እንደውም ራሳቸው እንዳዋለዷት ነገሩኝ። ሊመሽ ሲል ተስፋ ቆርጬ ስመለስ፣ ከወይዘሮ ዘነበች አጥር ማዶ አንዲት ሴት እንሰት ሲፍቁ አየሁ። እትዬ ሙሉነሽ ይባላሉ። ከጎረቤታቸው ጋር እንደማይነጋገሩ ጧት ሰምቼ ነበር፤ ለምስክርነት ያልተጠሩትም እሳቸው ብቻ ናቸው።

«እትዬ፣ አስቴር የምትባል ልጅ ያውቃሉ?»

መፋቂያውን ጣሉት። «ያቺን ሌባ? እንዴት አላውቃት!»

ነገሩ የዊጆ ነበር። ዊጆ ሴቶቹ ለመስቀል ቅቤ የሚያጠራቅሙበት ማኅበር ነው። «አምና ለመስቀል ቅቤ ስንካፈል አክስቷ አራስ ነኝ ብላ እሷን ላከቻት። ከወላይታ ከመጣች ሳምንት አልሞላትም! መስፈሪያውን ይዛ ለሌላው አትረፍርፋ፣ ለእኔ በልኩ ጠርጋ ሰጠችኝ። ያን መስቀል ክትፎዬን በደረቁ በላሁ!»

«ከዚያ ወዲህስ ወደ አገሯ ተመልሳለች?»

«ብትመለስማ በተገላገልኩ! ዓመቱን ሙሉ በዚህ አጥር እያለፈች ሰላም ስትለኝ ፊቴን ሳዞር አንገቴ ተጣመመ።»

ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። እሳቸውም ነቁብኝ። «ምነው? ጠቀምኳት እንዴ?»

አልዋሸኋቸውም፤ ቃላቸው ትምህርት ቤት እንደሚያስገባት ነገርኳቸው። እትዬ ሙሉነሽ የጣሉትን መፋቂያ አንሥተው እንሰታቸውን እንደገና መፋቅ ጀመሩ።

«እውነት እውነት ነው፤ ጻፈው» አሉ በመጨረሻ። «ግን ቅቤውም ይጻፍ!»

ጻፍኩት። በማግስቱ አርብ አቶ ሺበሺ ቃሉን ከነቅቤው ጮክ ብለው አነበቡ። ጺማቸው ተንቀሳቀሰ። «ይህቺ ልጅ ነዋሪ ናት» አሉ፣ ማኅተሙን እፍ እፍ አሉበትና መቱት። አስቴር ወረቀቱን ይዛ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠች። ሽማግሌው እንዳሉትም ብርቱ እግር ነበራት፤ ደረሰች።

ከዓመታት በኋላ ዱራሜ በመምህርነት ተመደበች። የመጀመሪያ ደመወዟን ስትቀበል በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ይዛ እትዬ ሙሉነሽ ደጅ ቆመች። እሳቸውም ተቀብለው፣ በእጃቸው መዘን መዘን አድርገው፣ «አሁንም ይጎድላል» አሏትና አቅፈዋት አለቀሱ።

እኔ ማኅተሙን ከአቶ ሺበሺ ተረክቤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሠርቼበታለሁ። አመልካች ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ከጎረቤት ከማን ጋር እንደተጣላ ነበር። ከማንም ያልተጣላ ሰው እንግዳ ነው።