አምሳን አልፌ ሞገድ ላይ

ሰርፍ፣ ቦርድ ላይ ቆሞ በሞገድ መንሸራተት፣ ልማር ነው ስል መጀመሪያ የሳቀችው የገዛ ልጄ ናት። አልተቀየምኳትም። አምሳን ያለፍኩ፣ ዳሌዬ ሰፋ ያለ፣ ለንደን፣ ካምደን አንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ደም ስመረምር የኖርኩ ሴት ነኝ። ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፤ እስክሰደድ ድረስ ባሕር በዓይኔ አላየሁም።

ልጄ ለንደን ተወልዳ ያደገች ፊዚዮቴራፒስት ናት። ባለፈው ሰመር ኮርንዎል ውስጥ፣ የእንግሊዝ አገር ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ላይ፣ የጥቂት ወራት ሥራ አገኘች። እኔም ደክሞኝ ስለነበር ከሥራ ረጅም ሊቭ አፕላይ አደረግኩ። ሲፈቀድልኝ የኪልበርን ቤታችንን ቆልፈን በእሷ መኪና ወረድን።

የተከራየችው ቤት ለባሕሩ ቅርብ ነበር። እሷ ጠዋት ሥራ ትሄዳለች፤ እኔ መጀመሪያ አካባቢ ቤት ሳጸዳና ወጥ ስሠራ እውል ነበር። ብዙም ሳይቆይ የሚጸዳው አለቀ፣ ፍሪጁም ሞላ። አንድ ጠዋት ወርጄ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩና ሰርፍ የሚማሩትን ማየት ያዝኩ። ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ፣ ደግሞ ይወድቃሉ። ሰርፍ ለቀጫጭን ወጣቶች ብቻ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር፤ እዚያ ግን ቦርጫቸውን ይዘው የሚንከባለሉ የእኔ እኩዮች አየሁ። እነዚህ ከቻሉ እኔን ምን ይይዘኛል ብዬ በማግሥቱ ተመዘገብኩ።

ዋና እችላለሁ። ልጄ ሕፃን ሳለች ላስተምራት ስወስዳት፣ ዳር ቁጭ ብሎ መጠበቁ ሰልችቶኝ ከሴቶች ጋር ገብቼ ተምሬያለሁ። ስለዚህ ውኃው አላስፈራኝም። ያስቸገረኝ የሚለበሰው የጎማ ልብስ ነው። አስተማሪዬ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሽበታም ሴት ናት፤ በዕድሜ ብዙም አንራራቅም። እሷ ከላይ ስትጎትት፣ እኔ ሆዴን ስሰበስብ፣ ባሕር ሳንገባ ሁለታችንም በላብ ተጠመቅን።

ልብሱ ሲገባልኝ ቦርዱን አሸዋ ላይ አስተኝታ አሳየችኝ። በሆድሽ ትተኛለሽ፤ ሞገዱ ከኋላ ሲገፋሽ እጅሽን ደረትሽ አጠገብ ተክለሽ ብድግ ትያለሽ፤ አንዱን እግር ወደ ፊት ትልኪያለሽ። አሸዋ ላይ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ውኃው ላይ ግን ገና ሳልነሣ ተገለበጥኩ። ጨው አፍንጫዬን አቃጠለኝ፤ ቦርዱም በገመድ ከቁርጭምጭሚቴ ጋር ታስሮ ስለነበር ተከትሎኝ መጥቶ ትከሻዬን መታኝ። ስወጣ እየሳቅኩ ነበር። ከስንት ዓመት ወዲህ እንደዚያ ስቄ እንደሆነ አላስታውስም።

በየቀኑ ማለት ይቻላል እሄድ ጀመር። መንበርከክ ቶሎ ቻልኩ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ንቅንቅ አልል አልኩ። ሌሎቹ አንድ በአንድ ሲቆሙ እኔ በጉልበቴ ዳር ድረስ እሄዳለሁ። አስተማሪዬ እግርሽን እያየሽ ነው፣ ዓይንሽ የሄደበት ትሄጃለሽ እያለች ትመክረኛለች። ልጄ ደግሞ በዕረፍቷ ቀን መጥታ አይታኝ፣ «እማዬ፣ ሰርፍ ነው ስግደት?» አለችኝ።

እንዲህ እያለሁ ፍልሰታ ገባ። ለንደን ላሉት ንስሐ አባቴ ደወልኩ።

«አባ፣ ጾሙን ይዤ ባሕር ውስጥ ብውል ይከፋል?»

ባሕር ውስጥ ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። ሞገድ ላይ መቆም እየተማርኩ መሆኔን፣ ግን እንዳቃተኝ ነገርኳቸው። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

«ሐዋርያውም ውኃ ላይ ሲራመድ መስጠም የጀመረው ሲፈራ ነው» አሉኝ። «አንቺ ምን እያየሽ ነው የምትወድቂው?»

«እግሬን ነው ትላለች አስተማሪዬ።»

«እንግዲያው እግርሽን አትዪያ፤» አሉና ጨመሩ፤ «ሁለቱ አንድ ላይ ከከበዱሽ ግን የሚቀረው ባሕሩ ነው።»

አልከበዱኝም። የከበደው ሌላ ነገር ነው። ልጄ ዕረፍት በሆነችበት አንድ ጠዋት፣ ዳር ሆና እያየችኝ ቦርዱ ላይ ተኝቼ ስቀዝፍ፣ ዳርቻው እየራቀኝ መጣ። ወደ አሸዋው ብቀዝፍም ወደ ኋላ ነው የምሄደው። ወደ ጥልቁ የሚስብ ጅረት እንደያዘኝ ገባኝ። ምን እንደሚደረግ ግን ተምሬያለሁ። መታገሉን ተውኩ፣ ቦርዱን ያዝኩ፣ አንድ እጄን ወደ ላይ አነሣሁ። አስተማሪዬ ቀዝፋ ደረሰችብኝና ከዳርቻው ጎን ለጎን ወሰደችኝ። ጅረቱ ሲለቀን ሞገዱ ራሱ ገፍቶ አወጣን።

ልጄ ጫማዋን ሳታወልቅ እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ገብታ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ይበቃል እማዬ። ፕሊዝ፣ ይበቃል።»

አቀፍኳት። «እኔ ምን እንደማደርግ ዐውቄ ነበር» አልኳት። «አንቺ ነሽ ያላወቅሽው።»

አስተማሪዬን ለልጄም እንድታስረዳልኝ ለመንኳት። አሸዋው ላይ በጣቷ እየሣለች፣ ጅረቱ እንዴት እንደሚሄድና እጅ ማንሣቱ ለምን እንደሚበጅ ነገረቻት። ልጄ ጫማዋ ውስጥ የገባውን ውኃ እየደፋች ሰማች። በማግሥቱ ጠዋት ስነሣ ሥራ ልትሄድ ለብሳ፣ የጎማ ልብሴን ከልብስ ማስጫው ገመድ አውርዳ፣ እግሬን እንዳስገባ ሰፋ አድርጋ ይዛ ጠበቀችኝ። እየጎተተች አለበሰችኝና ሄደች።

የቆምኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ደመና በሆነበት ተራ ጠዋት። ሞገዱ ከኋላዬ ሲያነሣኝ ዓይኔን ከዳርቻው በላይ ባለው ገደል ላይ በሚታይ አንድ ነጭ ቤት ላይ ተከልኩ፣ በእጄ ገፋሁ፣ ቆምኩ። ስቆም ሁሉ ነገር ጸጥ አለ። ከእግሬ ሥር የሚንሸራተተው የውኃ ድምፅ ብቻ ነበር። አሸዋው ቦርዱን እስኪይዘው ድረስ ቆሜ ሄድኩ። አስተማሪዬ አላጨበጨበችም፤ እጇን ወደ ጥልቁ ዘርግታ ተመለሺ አለችኝ። ተመለስኩ፤ በሁለተኛው ወደቅኩ፤ በሦስተኛው ደግሞ ቆምኩ።

መኸር ሲገባ ወደ ለንደን ተመለስን። ወሬው ቀድሞኝ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ኖሮ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ከበቡኝ። አንዲት እናት እጄን ይዘው እውነት መሆኑን ጠየቁኝ፤ ስልኬን አውጥቼ ልጄ በዕረፍቷ ቀን የቀረጸችውን አሳየኋቸው። ደጋግመው አዩትና፣ «ጉልበቴ ደኅና ቢሆን እኔም አልቀርም ነበር» አሉኝ። ጉልበታቸው ደኅና የሆነ ሁለት ሴቶች ግን አሁን ከእኔ ጋር መዋኛ እየሄዱ ዋና ይማራሉ፤ ለመጪው ሰመር ቫን ተከራይተን ልንወርድ ተስማምተናል። ልጄ ልንዳ ብላለች። እኔ ሞገድ ላይ ገና ወደ ግራ መዞር አልችልም፤ የዘንድሮ ሥራዬ እሱ ነው።