ለአራስ የታሰበችው ፍየል

ሰው እንደ አቅሙ ይሰጣል ይባላል። እኔ ካሳው፣ የቆቦው ልብስ ሰፊ፣ እንደ ተመልካቹ ነበር የምሰጠው። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለነዳያን ሳንቲም ስጥል እንኳ ድምፁ እንዲሰማ ከፍ አድርጌ ነው። «ቀኝህ የሚሰጠውን ግራህ አይወቅ» ተብሎ ሲሰበክ አሜን እላለሁ። ግራ እጄ ባያውቅ ግድ የለኝም፤ ቆቦ ካወቀ ይበቃኛል።

የማወራችሁ የ2008ን ገና ነው። ማሽላው ሳያሽት ቆሞ የደረቀበት፣ ከሮቢት እስከ ዋጃ ሰው ሰማይ ሰማይ ሲያይ የከረመበት ዓመት። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን እትዬ ሀሊሜ፣ ልጃቸው ሰይዳ የወለደችው በዚያው ሰሞን ነው። ባሏ ሥራ ፍለጋ አፋር ወርዷል፤ እቤታቸው ከሽሮ በቀር የረባ ነገር የለም። ባለቤቴ አስካለ አራስ ልትጠይቅ በገባች በወጣች ቁጥር ፊቷ ጠቁሮ ትመለሳለች። የሰይዳ ጡት ደርቋል አለችኝ፤ ሕፃኑ ጠብቶ ጠብቶ ምንም ሲያጣ ያለቅሳል፤ መረቅ የሚባል ነገር ካላገኘች ሁለቱንም ልናጣቸው ነው።

እኔም ደግ ሆንኩ። ደግነቴን ለማኅበርተኞቼ ነግሬ ለመጨረስ ሦስት ቀን አልፈጀብኝም። ከዚያ ጎብዬ ገበያ ሄድኩና ለቤቴ ላቱ የሚንቀጠቀጥ ሙክት በግ፣ ለሰይዳ ደግሞ አንዲት ፍየል ገዝቼ መጣሁ። ፍየሏን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ስንት መንግሥት ያሳለፈች ነበረች። አስካለ የፍየሏን ከንፈር ገልጣ ጥርሷን አይታ ወደ እኔ ዞረች። ለመረቅ ምን አላት፣ አጥንት እንደሆነ ያው አጥንት ነው ብዬ ተከራከርኩ።

መቼም ታውቃላችሁ፣ ሙስሊም እኛ ባርከን ያረድነውን አይበላም፤ እኛም የእነሱን አንበላም። ስለዚህ በእኛ አገር ክርስቲያን ለሙስሊም ጎረቤቱ ሲያስብ ቢላውን የሚይዘው ሙስሊም ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ የእትዬ ሀሊሜን ባል ሳይጠራ ደግሶ አያውቅም። ቆቦ ተወልዶ ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። አስካለም የእትዬ ሀሊሜ የወንድም ልጅ ታሂር በበዓሉ ጧት መጥቶ እንዲያርድ ነግራዋለች። ለእኔም ሁለት ጊዜ ነግራኛለች።

የገና ለት ከቅዳሴ ስመለስ የንስሐ አባቴና ማኅበርተኞቼ አብረውኝ መጡ። አርባ ሦስት ቀን የጾመ ሆድ፣ የተሳለ ቢላ፣ ዙሪያውን ሰው። መጀመሪያ የድሃዋ ይታረድ፣ የእኔ ይደርሳል አልኩ ጮክ ብዬ። የንስሐ አባቴ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። ጉድ የሠራችኝ ያቺ መነቅነቅ ናት። ታሂር ይመጣል መባሉም ከልቤ ጠፋ። ፍየሏን ወደ ምሥራቅ አዞርኩና በስመ አብ ብዬ ባርኬ አረድኋት።

ቀና ስል ታሂር ቢላውን በጋዜጣ ጠቅልሎ በሩ ላይ ቆሟል። ፍየሏን አየ፣ እኔን አየ።

«እንኳን አደረሰህ አያ ካሳው» አለ ቀስ ብሎ። «የዘገየሁ መሰለኝ።»

አስካለ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ የምንጋራውን ግድግዳ አየች። ከዚያ ማዶ የሕፃኑ ልቅሶ ይሰማል።

እኔ መቼም ክርስቲያን ነኝና ወዲያው ማሰብ ጀመርኩ። ያሰብኩት ግን ዶሯችንን ነው። ዶሮም እኮ መረቅ አላት። ደግሞ እንቁላል ጣይ መሆኗ ትዝ አለኝና እሷንም ሳሳሁላት። ቀጣዩ ገበያ አራት ቀን ይቀረዋል፤ እስከዚያ ይታገሱ ልል አፌን ከፈትኩ። ልጁ እንደገና አለቀሰ፤ አሁንስ ድምፁም ደከም ብሏል። ሙክቱ ዛፉ ሥር ታስሮ ያመሰኳል። አፈርኩም፣ ፈራሁም፤ ያ ሕፃን አንድ ነገር ቢሆን በምን ዓይኔ አያቱን አያለሁ አልኩ።

«ታሂር፣ ቢላህን አትክተተው» አልኩ። «ያን ሙክት እረድላቸው።»

እውነቱን ልናገር። በአገራችን ወግ ሰው ሲሰጡት ሁለት ሦስቴ «ኧረ አይሆንም» ይላል። እኔም የተማመንኩት በዚያ ነበር። ታሂር አንድ ጊዜ እንኳ አላለም። አላህ ይስጥህ ብሎ ገመዱን ፈታ። በጉ በደጄ ሲወጣ ሆዴ አብሮት ወጣ።

ፍየሏ እስከ አሥር ሰዓት እሳት ላይ ቆይታ ልትበስል አልቻለችም። እንግዶቼ ስለራባቸው እንዳለች ቀረበች። የንስሐ አባቴ አንዷን ጉርሻ ሲያኝኩ አንድ ዳዊት መድገሚያ ጊዜ ፈጀባቸው። በዚህ መሐል እትዬ ሀሊሜ በትራቸውን ተመርኩዘው ገቡ። ሰይዳ መረቁን ጠጥታ አልቧት ተኝታ እንደነበር፣ አሁን ጡቷ ጠብ ጠብ ማለት መጀመሩን፣ ሕፃኑም ሳያለቅስ መጥባቱን እየነገሩን እንባቸው መጣ። የእኔም መጣ፤ ግማሹ ለበጉ ነው።

«አባትህ ደግ ሰው ነበር» አሉኝ። «እሱ እንኳ ሙክቱን ለእኛ ሰጥቶ ለራሱ ፍየል አላረደም።»

ቤቱ በምርቃት ተሞላ። የንስሐ አባቴ አጥንታቸውን አስቀምጠው፣ ክርስትና ማለት ይህ ነው፣ ምርጡን ሰጥቶ የተረፈውን መብላት ነው ብለው አስተማሩበት። ወሬው በሳምንቱ ጎብዬ ደረሰ። እኔ ማንንም አላረምኩም። በጉ ለእኔ፣ ፍየሏ ለእነሱ ነበረች ብዬ በምን አፌ ልናገር።

እንግዶቹን ሸኘናቸው። እኔና አስካለ ለብቻችን ትሪው ላይ ቀርበን መብላት ጀመርን። አንዲት ቁራጭ አፏ አድርጋ አላመጠች፣ አላመጠች፣ አውጥታ ትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጠቻት።

«ካሳው» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለአራስ ልትሰጥ የነበረው ይሄን ነው?»

አፌ ውስጥ ያለው ሥጋ አልወርድ ብሎኝ ነበር።